የቴክኒክ ሥዕል ለማረም የትኛው ይሻላል፦ ስታንዳርድ መርማሪ ሶፍትዌር ወይስ ቻትቦት?

አንድ የዲዛይን ተማሪ 120 በ80 ሚሊ ሜትር የሆነ ላሜራ ሥሎ፣ ዲያሜትሩ 12 ሚሊ ሜትር የሆነው ቀዳዳ ከግራው ጠርዝ ምን ያህል እንደሚርቅ ሳይጽፍ ቢያስረክብ፣ ሥዕሉ ለዓይን የተሟላ ቢመስልም ወርክሾፕ ያለው ባለሙያ የት እንደሚበሳ አያውቅም። ለእርማት የሚሆን መሣሪያ ለመግዛት የሚያስብ ተማሪም ሆነ የትምህርት ክፍል አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት፣ መሣሪያው እንዲህ ያለውን ጉድለት ያያል ወይ ብሎ ነው።

አውቶካድ በተባለው የሥዕል ሶፍትዌር ውስጥ ያለው ስታንዳርድ መርማሪ ሥዕሉን አስቀድሞ ከተዘጋጀ የስታንዳርድ ፋይል ጋር ያነጻጽራል። ሌየሮችን (ሥዕሉ የተከፋፈለባቸውን ንብርብሮች)፣ የመስመር ዓይነቶችን፣ የጽሑፍና የልኬት ስታይሎችን አይቶ ከፋይሉ ያፈነገጠውን አንድ በአንድ ያሳያል፤ ዛሬ ያሳለፈውንም ነገ አይጥልም። የቀዳዳው ልኬት መጉደሉን ግን አያውቅም፤ የሚመረምረው የተጻፈውን እንጂ ሳይጻፍ የቀረውን አይደለም። ስሕተቱን በአንድ ጠቅታ የሚያስተካክል ቁልፍ ስላለውም፣ ተማሪው ምን እንዳጠፋ ሳያስተውል ሥዕሉ ንጹሕ ሆኖ ሊወጣ ይችላል፤ ይህ ለቢሮ ጥቅም፣ ለትምህርት ግን ጉዳት ነው። ሶሊድወርክስ በተባለው የዲዛይን ሶፍትዌር ውስጥ ያለው ዲዛይን ቼከር ደግሞ ተማሪው እውነተኛውን ልኬት ሽሮ በእጁ ሌላ ቁጥር የጻፈበትን ቦታ ጭምር ያጋልጣል። ሶሊብሪ የተባለው መርማሪ የሕንፃ ሞዴልን በአይኤፍሲ (የሕንፃ ሞዴል መለዋወጫ) ፋይል የሚመረምር በመሆኑ ሥዕል ለሚማር ጀማሪ አልመክረውም።

እንደ ቻትጂፒቲ፣ ጄሚናይና ክሎድ ያሉት ቻትቦቶች ሥዕሉን በምስል ተቀብለው የጎደለውን ልኬት ሊጠቁሙ፣ ከዚያም አልፈው ለምን እንደሚያስፈልግ ተማሪው በሚገባው ቋንቋ ሊያስረዱ ይችላሉ። ከመርማሪው የሚበልጡትም በዚህ ነው። ነገር ግን መስመር ሲቆጥሩና ቁጥር ሲያነቡ ይሳሳታሉ፤ ስሕተቱንም የሚናገሩት ትክክለኛውን በሚናገሩበት እርግጠኝነት ነው። 841 በ594 ሚሊ ሜትር የሆነ የኤ1 ሉሕ ሙሉውን ሲሰጣቸው ምስሉ ስለሚቀነስ ጥቃቅኑ ጽሑፍ ይደበዝዛል፤ ስለዚህ እያንዳንዱን ቪው (ዕቃው ከአንድ አቅጣጫ የሚታይበትን ሥዕል) ለይቶ ቆርጦ መላክ ይሻላል።

በተለይ በፕሮጀክሽን ጉዳይ፣ ማለትም ቪዎቹ በሉሑ ላይ በሚደረደሩበት ሥርዓት፣ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አውሮፓ ውስጥ በተለመደው ፈርስት አንግል ቶፕ ቪው (ከላይ የሚታየው) ከፍሮንት ቪው (ከፊት ከሚታየው) በታች ሲቀመጥ፣ በአሜሪካው ሰርድ አንግል ከላይ ይቀመጣል። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ የሚለያቸው ተማሪው ብዙ ጊዜ የሚረሳው፣ ጫፉ የተቆረጠ ሾጣጣ የሚታይበት ትንሽ ምልክት ነው። ምልክቱ ከሌለ ቻትቦቱ ትክክለኛውን ሥዕል ተገልብጧል ሊል ስለሚችል፣ የሚሠራበትን ስታንዳርድ ከጥያቄው ጋር መጻፍ ግድ ነው።

ወደ ዋጋው ስንመጣ፣ የአውቶካድ አምራች የሆነው አውቶዴስክ መብቱ ላላቸው ተማሪዎች ሶፍትዌሩን በየዓመቱ በሚታደስ ፈቃድ በነጻ ይሰጣል፤ ለሥራ የሚገዛ ሰው ግን ስታንዳርድ መርማሪው በርካሹ አውቶካድ ኤልቲ ውስጥ እንደሌለ ይወቅ። ቻትጂፒቲ ፕላስ በወር 20 ዶላር ነው፤ ክፍያው በውጭ ምንዛሪ በመሆኑም አገር ቤት ላለ ተማሪ ከዋጋው ይልቅ የመክፈያው መንገድ ይከብዳል።

በእኔ እምነት ጀማሪ ተማሪ በነጻው አውቶካድና በነጻው ቻትቦት ቢጀምር ይበቃዋል፤ ቻትቦቱንም «አርምልኝ» ከማለት «ይህን ዕቃ ለመሥራት የማላውቀው ልኬት የትኛው ነው?» ብሎ ቢጠይቀው ይሻላል፣ ቁጥሩን ግን ራሱ ያመሳክር። ለብዙ ተማሪ የሚገዛ የትምህርት ክፍል ደግሞ ከመክፈሉ በፊት መምህር ያረማቸውን ጥቂት ሥዕሎችና ምንም ስሕተት የሌለበትን አንድ ሥዕል ለመሣሪያው ሰጥቶ ይሞክር፤ ስሕተት በሌለበት ሥዕል ላይ ስሕተት ፈጥሮ የሚያመጣውን መሣሪያ ባይገዛ ይመረጣል።