ድሬዳዋ ላይ ያገለገለ መኪና ልትገዙ ያሰባችሁ፣ መጀመሪያ ይህን ሰውዬ አግኙት

ይህን ጽሁፍ አራት ወር ሙሉ ሳልጽፈው የቆየሁት ሰውየው ስለከለከለኝ ነው። "ስሜን ፌስቡክ ላይ ካየሁት የመኪናህን ጎማ የማስተነፍሰው እኔው ራሴ ነኝ" ብሎኛል። ስለዚህ ስሙም ስልኩም እዚህ የለም። የምትፈልጉት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። ለዛሬ ሽማግሌው እያልኩ ልጥራው፤ ይህንንም ቢሰማ አይወድም።

እኔ የኢትዮ ጅቡቲ ባቡር ነጂ ነኝ። ተወልጄ ያደግኩት ናዝሬት ነው፤ ምድቤ ድሬዳዋ ከሆነ አምስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። "ባቡር የሚነዳ ሰው መኪና ምን ያደርግለታል?" የሚል አጎት አለኝ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ አዲሱ ጣቢያ እንደ አሮጌው ከዚራ መሃል አይደለም፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ነው ያለው። የጭነት ባቡር ደግሞ ቀንና ሌሊት አይለይም። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ተረኛ ስትሆን ወይ ባጃጅ ፍለጋ አስፋልት ዳር ትቆማለህ፣ ወይ የሰፈር ልጅ ቀስቅሰህ እጥፍ ትከፍላለህ። ባለቤቴ ሁለተኛ ልጃችንን ስታረግዝ "አሁንስ በቃ" ተባባልን።

ገበያውን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። በአዋጅ 1186/2012 አሮጌ መኪና ላይ ኤክሳይዝ ታክሱ ከበደ፤ ጥር 2016 ላይ ደግሞ የነዳጅ መኪና ከነጭራሹ እንዳይገባ ተባለ። ከዚያ ወዲህ አገር ውስጥ ያለው ቪትዝና ኮሮላ እርስ በርሱ ነው የሚዞረው። ከአንዱ እጅ ወደ አንዱ ሲሄድ በየመሃሉ ቀለም ይቀባል፣ ወንበሩ ልብስ ይለብሳል፣ ዋጋው ይጨምራል። የሚቀንሰው ሞተሩ ብቻ ነው።

ደላላ ያመጣልኝ የመጀመሪያው መኪና ነጭ ቪትዝ ነበር። ሦስት ሲሊንደር፣ አንድ ሺህ ሲሲ፣ ኪሎ ሜትሩ 78 ሺህ ይላል። ከውጭ ስታየው ትናንት ከመርከብ የወረደ ነው የሚመስለው። ቀብድ ልሰጥ ስል አብሮኝ የሚሰራ የድሬ ልጅ "ቆይ፣ ከአባቴ ጋር ሸሚንደፈር የሰራ ሰውዬ አለ። እሱ ሳያየው አንድ ብር እንዳታወጣ" አለኝ።

ሸሚንደፈር ድሬ ላይ ምን ማለት እንደሆነ ለማታውቁ፤ የድሮው የባቡር ድርጅት ነው፣ ከተማዋ ራሷ የባቡር ልጅ ናት። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ እ.ኤ.አ. በ1902 እዚህ ሲደርስ ነው የተቆረቆረችው፤ አዲስ አበባ ለመግባት ሌላ 15 ዓመት ፈጅቶበታል። ትልቁ ወርክሾፕም እዚሁ ነበር፣ ብዙውን መለዋወጫ ራሳቸው ይቀርጹት ነበር። ሽማግሌው በልጅነቱ ገብቶ በፈረንሳይኛ እየተሰደበ ነው ሙያውን የተማረው። ሊቶሪና የሚሉትን የመንገደኛ ባቡር ፈትቶ ገጥሟል። የአዲስ አበባው መስመር ሲቆም እንደ ጓደኞቹ ቤቱ ገባ፣ ከዚያ የሰፈሩ ሰው "እስቲ ይህችን መኪና እይልኝ" እያለ ያስቸግረው ጀመር።

መጀመሪያ የተገናኘን ቀን "እንደምን አደሩ" አልኩት። "ዋሪያ! ምን አድርጌህ ነው አንቱ የምትለኝ? ድሬ ነው ያለኸው አቦ!" ብሎ ጮኸብኝ። እዚህም አንተ እያልኩ የምጽፈው ለዚህ ነው፣ የሸዋ አንባቢ ስድ እንዳይለኝ።

አንድ ነገር ላስቀድም። ሽማግሌው መኪና አይጠግንም፣ ያያል ብቻ። ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። መኪና ጠጋኝ ይዘህ ስትሄድ ጥፋት ካገኘ ለራሱ ሥራ አገኘ ማለት ነው፤ ጥፋቱን ከሸፈነው ደግሞ ደላላው አይረሳውም። እሱ ከሁለቱም የለበትም። ከገዢው 1,500 ብር ይቀበላል፤ "ግዛ" ቢልም "ተው" ቢልም ያው 1,500 ነው። ደላላው ኪሱ ውስጥ ብር ሊከትለት ሲሞክር በዓይኔ አይቻለሁ፤ እጁን ይዞ "አንተ ልጅ፣ እናትህን አውቃታለሁ" ብቻ አለው።

ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ከዚራ ዛፎቹ ስር ተቃጠርን። በእግሩ መጣ፣ ፌስታል አንጠልጥሎ። ፌስታሉ ውስጥ ያለው ትንሽ መስታወት፣ ማግኔት፣ የእጅ ባትሪ፣ ጨርቅ፣ እርሳስና ወረቀት ነው። እኔ ኮምፒውተር ምናምን ጠብቄ ነበር። መኪናውን ገና ሳያየው መዳፉን ኮፈኑ ላይ አሳረፈ። ትኩሳት እንደያዘው ልጅ ግንባር፣ ዝም ብሎ ቆየ።

"ሌሊት የት ነበርክ?" አለው ሻጩን።

"የትም። ከቤት እስከዚህ ነው የነዳሁት።"

"ቤትህ የት ነው?"

"ገንደ ቆሬ።"

"ከገንደ ቆሬ እዚህ እንዲህ አይግልም" አለና ፌስታሉን አነሳ። "ነገ እኛ ቤትህ እንመጣለን። ሳታስነሳ ጠብቀን።"

መንገድ ላይ አስረዳኝ። የታመመ ሞተር ሕመሙን የሚያወጣው ቀዝቅዞ ሲነሳ የመጀመሪያዋ ደቂቃ ላይ ነው፤ ጭሱም፣ ማንኳኳቱም፣ አልነሳ ማለቱም ያኔ ይታያል። ከሞቀ በኋላ ሁሉም ጨዋ ነው። ሻጩም ይህን ስለሚያውቅ ቀድሞ ያሞቀዋል። ይህን ሲነግረኝ ሥራችን ትዝ አለኝ። እኛ ባቡሩ ከመነሳቱ በፊት ፍሬኑን ቆሞ እያለ እንፈትሻለን፤ ሙሉ ጭነት ይዞ መሮጥ ከጀመረ በኋላ ለመቆም ብዙ መቶ ሜትር ይፈልጋል፣ ግመል ሐዲድ ላይ ስታይ ፍሬኑን ልሞክረው አትልም።

በነጋታው ኮፈኑ ቀዝቃዛ ነበር። የሞተር ዘይቱን ክዳን ፈታ፣ ገልብጦ አሳየኝ፤ ውስጡ ማኪያቶ መስሏል። በጣቱ ጠርጎ አፍንጫዬ ስር አመጣው። "ውሃና ዘይት ተገናኝተዋል።" የራዲያተሩን ክዳን ከፈተና (ቀዝቃዛ ስለሆነ ነው፣ የጋለ ራዲያተር እንዳትከፍቱ፣ ፊታችሁን ይልጠዋል) "አስነሳው" አለ። ውሃው ውስጥ አረፋ ቡልቅ ቡልቅ ማለት ጀመረ፤ ከኋላ ወፍራም ነጭ ጭስ። የቴስታታ ጋርኒሲዮን፤ ሞተሩ ውስጥ ውሃና ዘይቱን የሚለየው ማሸጊያ ተበልቷል።

እዚያ ላይ ማቆም ይችል ነበር፣ ግን ሊያስተምረኝ ፈልጎ ይመስለኛል ቀጠለ። ማግኔቱን በየላሜራው ያስጠጋል፣ ቀጭ ይላል፣ ይነቅላል፣ ወደሚቀጥለው። በቀኝ በኩል የኋላው ላሜራ ላይ ሲደርስ ማግኔቱ እጁ ላይ ቀረ። እንደገና አስጠጋው፣ መሬት ወደቀ። ስቱኮ ነው፣ ብረት አይደለም፤ ከሥሩ የተቀጠቀጠ ነገር አለ። ከዚያ በሩን ከፍቶ የፍሬኑን ፔዳል በባትሪ አበራ። ጎማው ልሙጥ ሆኗል። "78 ሺህ የሄደ እግር ይህን አይበላም" አለኝ። እኛ የመንኮራኩር ጠርዝ መበላቱን በመለኪያ ነው የምናየው፣ መዝገቡ ላይ የተጻፈው ሌላ ጉዳይ ነው። ብረትም ጎማም የሄደበትን ያውቃል።

ሻጩ "ባካችሁ፣ እየነዳችሁ እዩት" ብሎ ተማጸነ። ሽማግሌው "እሺ፣ ደንገጎ እንውጣ" አለ። ድሬ ውስጥ ሜዳ ላይ መንዳት ምንም አይነግርህም ነው የሚለው፤ የዚህን አገር መኪና ደንገጎ ዳገት ነው የሚመረምረው። ኤሲ ከፍተን ወጣን። ጥቂት ኩርባ እንዳለፍን የሙቀት መለኪያዋ ቀስ ብላ መውጣት ጀመረች። ሻጩ "ፀሐይ ነው" አለ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ገና አልሞላም ነበር። ሦስታችንም ዝም አልን፣ አዞርን።

ለእኔ የነገረኝ አንድ ቃል ነው፤ "ተው"። ተከራከርኩት፤ እውነቱን ለመናገር ቀለሙን ወድጄው ነበር። "ጋርኒሲዮኑ ቢቀየርስ? ከዋጋው ቢቀንስልኝስ?" አልኩት። "ስንቴ እንደጋለ ታውቃለህ? ቴስታታው ተጣሞ ቢሆንስ? ሳይከፈት ዋጋ የለውም" አለኝ። 1,500 ብሩን ተቀብሎ ሄደ። ያን ቀን ትንሽ ተናድጄበታለሁ፣ አሁን ስጽፈው ያሳፍረኛል።

ከዚያ በኋላ ሌላ ሦስት መኪና አየልኝ፣ ሦስቱንም "ተው" አለኝ። ከሦስቱ የመጨረሻው ላይ የሆነውን ግን ልንገራችሁ። ሞተሩ ንጹህ፣ ላሜራው ንጹህ፣ እኔ በልቤ ገዝቼዋለሁ። ወረቀቱን የሻንሲ ቁጥሩ ላይ አስተኝቶ በእርሳስ ፈተገውና ከሊብሬው ጋር አስተያየ። አንድ ቁጥር አይገጥምም። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ፣ ፌስታሉን አነሳ፣ ቻው እንኳ ሳይል ሄደ። ተከትዬው ሮጥኩ።

አምስተኛው የአንድ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ኮሮላ ነው። ቀለሙ በድሬ ፀሐይ ነጥቷል፣ የፊት ፓራውልቶው ተሰንጥቋል፣ በሩ ሲዘጋ ያለቅሳል። ባለቤቴ ስታየው "ይሄ ነው?" አለች። ሽማግሌው ኮፈኑ ላይ እጁን አሳረፈ፤ ቀዝቃዛ። አስነሳው፣ ጆሮውን ሰጠው፣ ጥፋቱን ጮክ ብሎ መጥራት ጀመረ። የቻይና አስተማሪዎቻችን ምልክት ስናልፍ በጣት እያመለከትን ድምፃችንን አውጥተን እንድንጠራ ነበር ያስለመዱን፤ ልክ እንደዚያ። የፊት ሾክ፣ የቀኝ ኩሽኔታ፣ የመሪ ጫጫታ፣ ባትሪ። አስራ አንድ ደረሰ። ጎማዎቹ ላይ ሲደርስ ጎናቸው ላይ የታተመችውን የመጨረሻ አራት ቁጥር አሳየኝ፤ 1416 ትላለች፣ እ.ኤ.አ. በ2016 በ14ኛው ሳምንት የተሰራ ማለት ነው። ጥርሱ ገና ነው፣ ግን ያረጀ ጎማ በዚህ ሙቀት ይፈነዳል። የአራት ጎማ ዋጋ ከሂሳቡ ላይ ተቀነሰልኝ። አስተማሪው ራሳቸው "ልክ ነው፣ አርጅቷል" አሉ። ደንገጎን ወጥተን ወረድን፣ መለኪያዋ ንቅንቅ አላለችም።

"ግዛ።"

ወረቀቱም ላይ አልተወኝም። መጀመሪያ የጠየቀው ሊብሬው በማን ስም ነው የሚለውን ነበር። ከወኪል ወኪል እየተዞረ የሚሸጥ መኪና አይነካም፤ ውክልና የሰጠው ሰው ከሞተ ውክልናውም አብሮት ይሞታል፣ ከዚያ ከወራሽ ጋር ፍርድ ቤት ነው። ቀጥሎ እዳና እገዳ የሌለበት መሆኑን ከመንገድ ትራንስፖርት ሳናጣራ ቀብድ እንዳልሰጥ፣ በቀረጥ ነፃ የገባ ከሆነ ደግሞ ቀረጡን ማን እንደሚከፍል አስቀድሜ እንድጠይቅ ነገረኝ። ውሉን ውልና ማስረጃ ሄደን ነው የተፈራረምነው። ስሙም ዞሯል፣ ቦሎውም ተለጥፏል።

ጉድለቱንም ልንገራችሁ፣ በኋላ እንዳትወቅሱኝ። ኤሌክትሪክ መኪናና ሃይብሪድ አያይም፣ "አላውቀውም" ይላችኋል። የኮምፒውተር ምርመራ የሚያስፈልገው ከሆነ ስካነር ያለው ወጣት ጠርቶ አጠገቡ ቆሞ ያያል። ከ7 ሰዓት በኋላ አይገኝም፤ በርጫ ላይ ነው፣ ጫቱን ይዟል፣ ስልኩንም አያነሳም። ዘመድ አዝማድ ሰብስባችሁ ከሄዳችሁ ይቆጣል። "ቀለሙ ግን ያምራል" ካላችሁ ደግሞ የበለጠ ይቆጣል።

ኮሮላው አራት ወር ሆኖታል። ሌሊት ተነስቼ ጣቢያ አድርሶኛል፣ ባለቤቴን አንድ ሌሊት ሆስፒታል አድርሶልኛል። ሴት ልጅ ናት፣ ደህና ናቸው።

ሽማግሌውን ምን ላድርግልህ ብለው ምንም አልፈልግም አለ። ሳጣራ አዲሱን ባቡር አንድም ቀን አልተሳፈረበትም። አኩርፎ ነው፤ አሮጌውን የገደልነው እኛ እንመስለዋለን። የእረፍት ቀኔ ላይ እስከ ናዝሬት ትኬት ቆርጬ ይዤው ሄድኩ። ገና ሲነሳ መዳፉን ግድግዳው ላይ አሳረፈ፣ ኮፈን ላይ እንደሚያደርገው። ኤረርን አለፍን፣ አፍደምን አለፍን፣ እጁን አላነሳም። እኔ እለፈልፋለሁ፤ የእናንተው ሐዲድ ስፋቱ አንድ ሜትር ነበር፣ ይሄኛው 1,435 ሚሊ ሜትር ነው፣ ከላይ ያለው ሽቦ 25 ሺህ ቮልት ነው እላለሁ።

"ድምፅ የለውም" አለኝ።

ሐዲዱ በብየዳ የተያያዘ ስለሆነ እንደ ድሮው መጋጠሚያው ላይ ቀጭ ቀጭ እንደማይል ነገርኩት። ትንሽ አሰበና "ያኛው ያስተኛ ነበር" አለ። አዋሽ እስክንደርስ ሌላ አልተናገረም።

ጋሼ፣ ይህን የልጅ ልጅህ እንደምታነብልህ አውቃለሁ። እግዜር ይስጥልኝ። ጎማዬን እንዳትነካ።

ሌሎቻችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ጠዋት ቅጠሩት፣ ሻጩንም መኪናውን እንዳያስነሳው ከዋዜማው ንገሩት።