«ታክሱን ለእኛ ይተዉት» የሚል ውል ላይ አትፈርሙ

አሜሪካ እየኖራችሁ ለእረፍት ስትገቡ የምታርፉበት አፓርታማ አዲስ አበባ ላይ የገዛችሁ ወይም ልትገዙ ያሰባችሁ፣ እባካችሁ ይህን አንብቡ። በተለይ «እርስዎ በሌሉበት ቤቱን እናከራይልዎታለን፣ ታክሱንም እኛ እንጨርሳለን» የሚል ውል ከተሰጣችሁ። እኔ ፈርሜያለሁ። ታክስ እየተባለ 420,000 ብር ተቆርጦብኛል። ከዚያ ውስጥ ለኪራይ ገቢ ግብር የገባ አንድ ብር የለም።

ሲኤምሲ አካባቢ ባለሁለት መኝታ ቤት አለኝ። በዓመት ሦስት ሳምንት ብቀመጥበት ነው። ባዶውን ከሚውል ብዬ በጥቅምት 2015 ቤት ለሚያስተዳድር አንድ ድርጅት ሰጠሁት። ከነዕቃው በወር 70,000 ብር ተከራየ። ከዚያ ላይ 15 በመቶ የእነሱ ነው፣ 20 በመቶ ማለትም 14,000 ብር ደግሞ «ለታክስ» ይቆረጣል፣ ቀሪው ባንክ ይገባልኛል። በየሦስት ወሩ በቴሌግራም ሰንጠረዥ ይልካሉ፣ «ታክስ» የሚል መስመርም አለው። ደረሰኝ ስጠይቅ የድርጅቱ ሠራተኛ «ጋሼ፣ እርስዎ ስለ ታክስ አያስቡ፣ እኛ አለን» ይለኛል። አመንኩት።

በ2017 ለፋሲካ ስገባ ቤቱን በልጄ ስም ላዞር ፈልጌ የግብር ዕዳ እንደሌለብኝ የሚያሳይ ወረቀት (ክሊራንስ) ለማውጣት ገቢዎች ሄድኩ። መስኮቱ ላይ ያለችው ሠራተኛ ቲን (የግብር ከፋይ መለያ) ቁጥር ጠየቀችኝ። የለኝም። «አሻራ ሰጥተው ያውቃሉ?» አልሰጠሁም። «ታዲያ በማን ስም ነው ሲከፈል የኖረው?» አለችኝ። ምን ልበላት?

ድርጅቱ ጋ ሄጄ ስጮህ አንድ ደረሰኝ አወጡልኝ። እውነተኛ ነው፣ ስሜም አለበት። ግን የጣሪያና ግድግዳ ግብር ነው! እዚህ ላይ ልብ በሉ፣ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። የጣሪያና ግድግዳ ቤት ስላላችሁ ብቻ የሚከፈል ነው፣ ብታከራዩም ባታከራዩም። የኪራይ ገቢ ግብር ሌላ ነው። በገቢ ግብር አዋጅ 979/2008 ሠንጠረዥ «ለ» ላይ ያለው እሱ ነው፣ ለግለሰብ ከሆነ ገቢው ባደገ ቁጥር እያደገ እስከ 35 በመቶ ይደርሳል። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ያልቃል፣ ከሐምሌ 1 ጀምሮ አሳውቃችሁ ትከፍላላችሁ። አንዱን መክፈል ሌላውን አያስቀርም።

«ውሉ ላይ ድርጅቱ ይከፍላል ይላል እኮ» ብዬ ተከራከርኩ። ዋጋ የለውም። እሱ በእኔና በእነሱ መካከል ያለ ጉዳይ ነው። ግብር ሰብሳቢው የሚያውቀው ካርታው ላይ ያለውን ስም ነው፣ ዕዳውም ከነቅጣቱ ከነወለዱ በዚያው ስም ይመጣል።

የአሜሪካው ይብሳል። ዜጋም ሁኑ ግሪን ካርድ የያዛችሁ፣ አሜሪካ የምታስከፍላችሁ የትም አገር ባገኛችሁት ገቢ ላይ ነው። ብሩ እዚያው ባንክ ቢቀመጥ፣ አንድ ሳንቲም ወደ አሜሪካ ባይሻገርም ያው ነው። የኪራይ ገቢው ስኬጁል ኢ በሚባለው የአሜሪካ ታክስ ቅጽ ላይ ይሞላል። በሁለቱ አገሮች መካከል በአንድ ገቢ ላይ ሁለት ጊዜ እንዳይከፈል የሚያደርግ (የድርብ ታክስ) ስምምነት የለም። ለኢትዮጵያ የከፈላችሁት የገቢ ግብር የሚታሰብላችሁ በፎርም 1116 ክሬዲት፣ ማለትም ከአሜሪካው ታክስ ላይ እንዲቀነስላችሁ፣ ስትጠይቁ ነው፣ ያም ማስረጃ ይፈልጋል። የታክስ ባለሙያዬ ያንን የቴሌግራም ሰንጠረዥ አይታ «ይሄ ምንም አይደለም» አለችኝ። የጣሪያና ግድግዳውንም ለክሬዲት አልተቀበለችውም፣ የገቢ ግብር ስላልሆነ። እንደ ወጪ ብቻ ያዘችልኝ። አሁን ውዝፉን ስከፍል በደረሰኙ ክሬዲት መጠየቅ እችላለሁ፣ ቅጣቱና ወለዱ ግን አይታሰብልኝም። የተቆረጠብኝ 420,000 ደግሞ ሄዷል።

ኤፍባር የሚባል የውጭ አገር ባንክ ሂሳብ ማሳወቂያም አለ። በዓመቱ ውስጥ በአንዲት ቀን እንኳ ውጭ አገር ያሉት ሂሳቦቻችሁ ተደምረው ከ10,000 ዶላር ካለፉ ማሳወቅ ግዴታ ነው። የብር ሂሳብም፣ የዲያስፖራ ሂሳብም ይቆጠራል። የኪራይ ብር ተጠራቅሞ እዚያ እንደሚደርስ አላሰብኩም ነበር። የኋላውን ሳታሳውቁ ከቆያችሁና ሆን ብላችሁ ካልሆነ በራሳችሁ ፈቃድ ቀርባችሁ የምታስተካክሉበት መንገድ የአሜሪካው ግብር ሰብሳቢ አይአርኤስ አለው። እነሱ ቀድመው ከመጡባችሁ ግን ያ በር ይዘጋል።

አንድ የእኛ ሰው የማያስበው ነገር ልጨምር። እህታችሁ ወይም ወንድማችሁ ልጆች ይዞ በነጻ የተቀመጠባቸው ቀናት በአሜሪካ ሕግ እናንተ ራሳችሁ እንደተቀመጣችሁ ይቆጠራሉ። እነዚያ ቀናት ከ14 ቀን፣ ወይም ቤቱ ከተከራየባቸው ቀናት 10 በመቶ፣ ከሁለቱ ከሚበልጠው ካለፉ ከኪራዩ ገቢ ላይ ወጪ መቀነስ ላይ ገደብ ይመጣል። ዘመድ አታሳርፉ አላልኩም፣ ቀኑን ግን መዝግቡ።

ደላሎቹ ትርፉን በዶላር ሲያሰሉላችሁም አትስሙ። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሊደረግ ሲል አንድ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር። የእኔ 70,000 ያኔ ከ1,200 ዶላር በላይ ነበረ። በፋሲካ ሳሰላው 600 እንኳ አልሞላም።

ቤታችሁን አከራዩ፣ አልከለክልም። ግን አገር ቤት ስትገቡ ራሳችሁ ሄዳችሁ ቲን አውጡ። «ለታክስ» ተብሎ የሚቆረጥ ነገር ከውሉ ይሰረዝ፣ ብሩ ሂሳባችሁ ይግባና ግብሩን በራሳችሁ ስም ክፈሉ። ደረሰኙ ላይ ስማችሁ፣ ቲን ቁጥራችሁ፣ ዓመቱና «የኪራይ ገቢ ግብር» የሚለው መጻፉን ሳታዩ ከመስኮቱ አትነሱ። የኢትዮጵያው የግብር ዓመት ከሐምሌ እስከ ሰኔ፣ የአሜሪካው ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር ስለሆነ ኪራዩን በየወሩ ለይታችሁ ጻፉት፣ ያለዚያ ባለሙያ ጋ ስትቀርቡ ትደናገራላችሁ።

ድርጅቱ ገንዘቤን እስካሁን አልመለሰልኝም። ውሉን ግን አሁንም ያዞራሉ። ባለፈው ወር እዚሁ ያለች አንዲት እህት እንድትፈርም ተልኮላት አሳየችኝ፣ የታክሱ አንቀጽ ቃል በቃል የእኔው ነው።