የፓይተን ሪኩዌስትስ ላይብረሪ፦ ፕሮክሲ አልፈልግም ስትሉት ይሰማል ወይ?

ከፓይተን ኮድ ወደ ሰርቨር የኤችቲቲፒ ጥያቄ የሚልከውን ሪኩዌስትስን ሁሌ ነው የምጠቀመው፣ ስለ ቅለቱ ሁሉም ስለሚያውቅ እሱን አልደግምም። እኔ ማውራት የፈለኩት ሰው ብዙ ስለማያነሳው አንድ ጎኑ ነው፣ ጥያቄውን ያለ ፕሮክሲ (መሃል ላይ ሆኖ ጥያቄ የሚያስተላልፍ ሰርቨር) በቀጥታ ላክልኝ ስትሉት ምን ያደርጋል?

የምሰራበት ቢሮ ወደ ውጪ የሚወጣው ሁሉ በፕሮክሲ ነው የሚያልፈው። እኔ ደሞ ማዋራት የፈለኩት እዛው ግቢ ውስጥ ያለ ሰርቨር ነበር፣ አይፒው በ10 የሚጀምር፣ ከኔ ክፍል ሁለት በር አለፍ ብሎ ያለ ማሽን ነው። ብራውዘር ላይ ወዲያው ይከፈታል፣ ከኮዴ ግን 407 (መጀመሪያ ማንነትህን አረጋግጥ የሚል ኤረር) ይመልስልኛል። ፓስወርድ ተሳስቼ ነው ብዬ ግማሽ ቀን ስቀያይር ዋልኩ፣ በኋላ የሰርቨሩን ሎግ ሳየው የኔ ጥያቄ ጭራሽ አልደረሰም! 407 እኮ የፕሮክሲ መልስ ነው፣ ሰርቨሩ ራሱ ቢሆን 401 ነበር የሚለኝ።

ለካ ማሽኑ ላይ ኤችቲቲፒ ፕሮክሲ የሚለው ኢንቫይሮመንት ቫሪያብል (ፕሮግራሞች የሚያነቡት የማሽኑ ሴቲንግ) ተሞልቷል፣ ሪኩዌስትስ ደሞ ሳትነግሩት ራሱ ያነበዋል። ዊንዶውስ ላይማ ቫሪያብሉ ባይኖርም የሲስተሙን ሴቲንግ ያያል። ፕሮክሲስ (proxies) ለሚለው ፓራሜትር ባዶ ዲክሽነሪ ብትሰጡት ምንም አይለወጥም፣ ባዶውን ከኢንቫይሮመንቱ ይሞላዋል። ለኤችቲቲፒም ለኤችቲቲፒኤስም None ብላችሁ ስትሰጡት ነው የሚተወው፣ እሱም ለዛች አንድ ጥያቄ ብቻ።

የወደድኩት ሴሽን (ብዙ ጥያቄ በአንድ ሴቲንግ የሚልክ ነገር) ከፍቶ ትረስት ኢንቭ (trust_env፣ ከኢንቫይሮመንቱ አንብብ የሚለው) የሚለውን ፎልስ ማድረግ ነው። አንድ መስመር ናት፣ ከዛ በኋላ ያ ሴሽን የሚልከው ሁሉ በቀጥታ ይሄዳል። ግን ይቺ መስመር ከፕሮክሲው ጋር ሌላም ነገር ነው የምታጠፋው፣ የይለፍ ቃል የሚቀመጥበት የኔትአርሲ ፋይል አይነበብም፣ በቫሪያብል የሰጣችሁት የሰርተፊኬት ፋይልም አይታይም። ስለዚ ቢሮው ራሱ ባወጣው ሰርተፊኬት የሚሰራ የውስጥ ሰርቨር ካላችሁ ድንገት የኤስኤስኤል ኤረር ይመጣል። እባካችሁ ያኔ ሰርተፊኬቱን የሚፈትሸውን ቬሪፋይን (verify) ፎልስ አታድርጉት፣ የሰርተፊኬቱን ፋይል ፓዝ ስጡት ይበቃል።

ውጪውም ውስጡም በአንድ ኮድ የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ ያለ ፕሮክሲ የሚሄዱ አድራሻዎች የሚጻፉበት ኖ ፕሮክሲ (no_proxy) የሚለው ቫሪያብል ላይ 10.0.0.0/8 (በ10 የሚጀምሩ አይፒዎች ሁሉ) ጻፉበት፣ ሪኩዌስትስ እንዲህ ሙሉ ሬንጅ ይቀበላል፣ እዚህ ጋ በጣም ነው ያስደሰተኝ፣ አይፒ በአይፒ መዘርዘር የለም። አድራሻውን በስም የምትጠሩት ከሆነ ግን ስሙንም ጨምሩ፣ ሬንጁ የሚሰራው ዩአርኤሉ ላይ አይፒው ራሱ ሲጻፍ ነው።

ከ5 4 ሰጥቼዋለሁ። አንዷን የቀነስኩት ታይምአውት (መልስ የሚጠብቅበት የጊዜ ገደብ) ካልሰጣችሁት በራሱ ስለሌለው ነው፣ በቀጥታ ስትልኩ ደሞ ፋየርዎሉ ዝም ብሎ ከጣለው ኮዱ ደርቆ ይቀራል፣ ኤረር እንኳ ቶሎ አታዩም። እኔ አሁን እያንዳንዱ ጥያቄ ላይ 10 ሰከንድ አስገባለሁ።