ወታደራዊ የጭነት መኪና ለካምፒንግ ልትገዙ ካሰባችሁ ቀብድ ሳትከፍሉ ይህን አንብቡ

ወገኖች፣ ሰሞኑን ሁለት የማውቃቸው ልጆች ደውለው «አንተ የገዛኸውን ዓይነት መኪና ልንገዛ ነው፣ ሻጩን አገናኘን» አሉኝ። አላገናኘኋቸውም። ለእነሱ የነገርኳቸውን እዚህም ልጻፈው። የሻጩ ማስታወቂያ አሁንም አልወረደም፣ ዋጋውም አሁንም ያጓጓል።

የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ሙቀት ሲጀምር ከቤተሰቤ ጋር ሸናንዶዋ ተራራ ላይ ድንኳን ተክለን ማደር እንወዳለን። ቡና ይፈላል፣ ልጆቹ አጋዘን ሲያዩ ይውላሉ። ዕቃችን ግን በየዓመቱ እየበዛ ሄደ፣ እኔም ባለፈው ዓመት የአሜሪካ ጦር ያስወገደውን ኤም 35 ኤ 2 የጭነት መኪና ከአንድ ነጋዴ በ9,500 ዶላር ገዛሁ። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር የ1971 ምርት ነው። አሥር ጎማ፣ ከላይ ሸራ፣ በሁሉም እግሩ የሚጎትት። ልጅ እያለን ኦራል ሲያልፍ ከግቢ ሮጠን ወጥተን ያየን ሰዎች፣ እንዲህ ያለ መኪና ፊት ስንቆም ምን እንደሚሰማን ታውቁታላችሁ። ሻጩም ፊቴ ላይ አንብቦታል።

መጀመሪያ ስለ ወረቀቱ ልንገራችሁ፣ ገንዘቤ የቀለጠው እዚያ ነው። የጦር መኪና በአገልግሎት ላይ እያለ እንደኛ መኪና በሰው ስም የወጣ ሊብሬ የለውም። መንግሥት በጨረታ ሲሸጠው ለገዢው ኤስ ኤፍ 97 የሚባል ሰርተፊኬት ይሰጣል። ገዢው እሱን ይዞ መኪና የሚመዘግበው መሥሪያ ቤት (ዲኤምቪ) ይሄድና በስሙ ታይትል፣ ማለትም የባለቤትነት ወረቀት ያወጣል። ያ ወረቀት ከሌለ፣ ወይም ኖሮም ስህተት ካለበት፣ የገዛችሁት ግቢ ውስጥ የሚቆም ብረት ነው። የእኔ ሻጭ የሽያጭ ደረሰኝና የ30 ቀን ጊዜያዊ ታርጋ ሰጠኝና «ሰርተፊኬቱ በሁለት ሳምንት በፖስታ ይደርስሃል» አለኝ። ሦስት ወር ፈጀ። ሲመጣ ደግሞ ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር ዳሽቦርዱ ላይ ካለችው ትንሽ ሰሌዳ ጋር አንድ ነው፣ ሻንሲው ላይ ከተመታው ጋር ግን አይገናኝም። ሰሌዳዋ እኮ በብሎን የታሰረች ናት። ከአንዱ ተፈትታ ሌላው ላይ ትገጠማለች። ዲኤምቪ አልቀበልም አለኝ። በእነሱ አልፈርድም፣ የተሰረቀ መኪና ይዞ የሚመጣ ሰውም ወረቀቱ እንዲህ ነው የሚሆነው።

ሻጩ ጋር ስደውል «እንዳለ ነው የገዛኸው፣ ፈርመሃል» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ፈርሜያለሁ። ደረሰኙ ግርጌ ላይ በትንንሽ ፊደል «ባለበት ሁኔታ፣ ያለ ምንም ዋስትና» የሚል አለ። ያቺን መስመር ካያችሁ፣ በቃል የተነገራችሁን ሁሉ እንዳልሰማችሁ ቁጠሩት። «ወረቀቱ ይመጣል» ያለው ሰው ደረሰኙ ላይ በጽሑፍ «ካልመጣ ገንዘቡን እመልሳለሁ» ብሎ ይፈርም። ካልፈረመ መልሱን ሰጥቷችኋል።

ሀምቪ የሚባለውን ሰፊውን የጦር ጂፕ የምትፈልጉ ደግሞ ይበልጥ ተጠንቀቁ። በጨረታ ከወጡት ብዙዎቹ ሰርተፊኬታቸው ላይ «ከመንገድ ውጭ ብቻ» የሚል ተጽፎባቸዋል። አንዳንድ ስቴት ያንን አይቶ ታርጋ አይሰጥም። ሻጩ «እኔ በሌላ ስቴት አወጣልሃለሁ» ካላችሁ ተዉት፣ ጥላችሁ ሂዱ።

አሁን ወደ ፍሬኑ። ይህን ስጽፍ እንኳ እጄ ይቀዘቅዛል።

ጊዜያዊ ታርጋው ሳያልቅ አንድ ቅዳሜ ዕቃ ጭነን ወጣን። ልጆቹ ከባለቤቴ ጋር በቤተሰቡ መኪና ከኋላ ይከተላሉ፣ ምክንያቱም የጭነት መኪናው ጋቢና ውስጥ የልጅ ወንበር የሚታሰርበት ቦታ የለም። ከኋላ ስፖንዳው ላይ ያለው የወታደር አግዳሚ ደግሞ ቀበቶ የሌለው እንጨት ነው። ይህን ከመግዛቴ በፊት ማሰብ ነበረብኝ። «ለቤተሰብ ካምፒንግ» ብሎ የሸጠልኝ ሰውም መናገር ነበረበት። ልጆች ካሏችሁ ነገሩ እዚህ ላይ አለቀ፣ ሌላውን ባታነቡም ይገባችኋል።

ስንመለስ ከተራራው፣ ከቶርንተን ጋፕ ወደ ስፔሪቪል ከተማ የሚወርደውን ጠመዝማዛ መንገድ ያዝን። የሚያውቀው ያውቀዋል፣ መታጠፊያ በመታጠፊያ ነው። ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ፍሬን ስረግጥ ፔዳሉ መሬት ነካ። ምንም የለም። መኪናው ባዶውን 13 ሺህ ፓውንድ ገደማ ነው፣ ያን ቀን ደግሞ ተጭኗል። ማርሽ ቀነስኩ፣ የእጅ ፍሬን ጎተትኩ፣ እንደምንም ከመንገዱ ዳር ያለ ጠጠር ላይ አቆምኩት። ባለቤቴ ከኋላ ሆና መብራቱ ሲበራ መኪናው ግን አለመቆሙን አይታለች። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከፊቴ መኪና አልነበረም።

በኋላ የከባድ መኪና ሜካኒክ አየው። የኤም 35 ኤ 2 ፍሬን አንድ መስመር ነው፣ ሁሉም እግር ከአንድ ቦታ ነው ዘይት የሚያገኘው። የዛሬ መኪኖች የፊትና የኋላው ስለሚለያይ አንዱ ቢያፈስ ሌላው ያቆማል። በዚህኛው አንድ እግር ላይ ካፈሰሰ ስድስቱም እግር (የኋላዎቹ ጎማዎች ጥንድ ጥንድ ናቸው) ፍሬን ያጣሉ። አየር የሚረዳው ለመርገጥ ያህል ነው፣ ዘይቱ ከሌለ አየሩ ብቻውን አያቆምም። የእኔ ከኋላ አንዱ እግር ላይ የፍሬን ዘይቱን የሚይዘው የውስጥ ላስቲክ ተበልቶ አፍስሷል።

ምክንያቱን ልብ በሉ። የአሜሪካ ጦር ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ለመኪኖቹ የሚጠቀመው ዶት 5 የሚባለውን የሲሊኮን የፍሬን ዘይት ነው። በየሱቁ የሚሸጠው ዶት 3 ከእሱ ጋር አይዋሃድም። የእኔ ሻጭ ዘይቱ ሲጎድል ያገኘውን ጨምሮበታል። ሜካኒኩ ክዳኑን ከፍቶ በባትሪ ሲያሳየኝ ሁለት ቀለም ተለይቶ ተኝቷል፣ አንዱ ወይን ጠጅ፣ አንዱ ቢጫ። ይህን ለማየት የሚፈጀው ሁለት ደቂቃ ነው። እኔ ሞተሩ ሲነሳ ድምፁን እየሰማሁ ያንን ሁለት ደቂቃ አላጠፋሁም።

ጎማዎቹም እንደዚያው። አሥሩም ጥርሳቸው ሙሉ ነው፣ አዲስ ይመስላሉ። ጎማ ጎኑ ላይ አራት አኃዝ አለው፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የመጨረሻዎቹ ዓመቱን ይናገራሉ። የእኔ «0904» ይላል፤ በ2004 ዘጠነኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። ከሀያ ዓመት በላይ ፀሐይ የመታው ላስቲክ ጥርስ ስላለው ብቻ አዲስ አይሆንም። ለአሥር ጎማ የሚጠየቀውን ዋጋ ደግሞ ገምቱት።

«11 ሺህ ማይል ብቻ የሄደ» ላሉትም ቦታ አትስጡ። እነዚህ መኪኖች በጦሩ ጋራዥ ሲታደሱ ቆጣሪያቸው ሊቀየር ይችላል፣ ቁጥሩ መኪናው ምን ያህል እንደሠራ አይነግራችሁም። «ያገኘውን ነዳጅ ይጠጣል» የሚለውም እንዲሁ ነው። ሞተሩ በእርግጥ ከናፍጣ ሌላ ነዳጅ እንዲያቃጥል ተደርጎ ነው የተሠራው፣ ግን የነዳጅ ፖምፓው አርጅቶ እያለ ያልተጣራ ዘይት ብትሰጡት መጠገኛው የመኪናውን ሩብ ዋጋ ሊበላ ይችላል። በናፍጣ ደግሞ በጋሎን ከ10 ማይል ብዙም አይሄድም። ከእኛ ሰፈር እስከ ሸናንዶዋ መግቢያዋ ፍሮንት ሮያል ከተማ 70 ማይል ገደማ ነው፣ ሂሳቡን ሥሩ። ሀይዌይ 66 ላይ ሰው በ70 ሲበር እናንተ በ50 ዳር ይዛችሁ፣ ጆሯችሁ እስኪደነቁር ነው የምትሄዱት። መሪው ያለ እገዛ የሚዞር ስለሆነ ማታ ትከሻችሁ አይነሳም።

ኢንሹራንስ ለማግኘት አምስት ቦታ ደወልኩ። የተለመዱት ሁሉ እምቢ አሉ፣ የተገኘው ለአሮጌ መኪና ሰብሳቢዎች የሚሰጠው ነው፣ እሱም አልፎ አልፎ ለሚነዳ ብቻ። ከዚያ የሰፈራችን የነዋሪዎች ማኅበር የጭነት መኪና ማቆም ክልክል ነው ብሎ ደብዳቤ ላከ። ይህን ቀድማችሁ ጠይቁ፤ ታውን ሀውስ (ግድግዳ ለግድግዳ የተያያዘ ቤት) ውስጥ ላለን ሰዎች ይህ ብቻውን በቂ ምክንያት ነው። አምስት ቶን የሚባሉትን ትልልቆቹን ለምትመለከቱ ደግሞ ክብደቱ ከነሙሉ ጭነቱ ከ26 ሺህ ፓውንድ ካለፈ የመንጃ ፈቃዱ ጉዳይ ሌላ ሊሆን ይችላል።

ከሁሉ የሚቆጨኝ ግን ሌላ ነው። ሸናንዶዋ ውስጥ ቢግ ሜዶውስ ካምፑ ድረስ አስፋልት ነው። 105 ማይሉ የተራራው መንገድ፣ ስካይላይን ድራይቭ፣ በሙሉ አስፋልት ነው፣ ፍጥነቱም 35 ማይል በሰዓት። በሁሉም እግሩ የሚጎትት መኪና የሚያስፈልገው አንድም ቦታ አልሄድንም። የዕቃው ጉዳይ ከሆነ ከቤተሰቡ መኪና ኋላ የምትጎተት ትንሽ ተጎታች በቂ ነበረች። ዘንድሮ ተከራይተን የሄድነውም በእሷ ነው፣ ልጆቹም አብረውን አንድ መኪና ውስጥ እየዘፈኑ ሄዱ።

መኪናው አሁን አንድ ገበሬ ግቢ ውስጥ በወር 75 ዶላር እየከፈልኩበት ቆሟል። ያለ ወረቀት ልሸጠው አልችልም፣ የሚገዛኝ ሰው የእኔን ዕጣ እንዲወስድ ደግሞ አልፈልግም። ለስቴቱ የሸማቾች ጉዳይ ክፍል አቤቱታ አስገብቻለሁ፣ እየጠበቅሁ ነው።

ቀብድ የከፈላችሁ ካላችሁ ዛሬውኑ ደውሉና የኤስ ኤፍ 97ቱን ፎቶና የሻንሲውን ቁጥር ፎቶ አንድ ላይ እንዲልኩላችሁ ጠይቁ። ሁለቱን ቁጥር አኃዝ በአኃዝ አመሳክሩ። አልመች ያላችሁ ነገር ካለ እዚሁ ጻፉልኝ፣ ማታ ከሥራ ስገባ አብረን እናየዋለን።