የካውቦይ መዝሙር ወይስ የደቡብ ኳርቴት?

አሜሪካ ገጠር ውስጥ ለአካባቢው ሰው መንፈሳዊ ዝግጅት ሲታሰብ ሁለት ምርጫ አለ። አንዱ የደቡብ ጎስፕል (የአሜሪካ ደቡብ መንፈሳዊ መዝሙር) ኳርቴት ነው፤ አራት ወንዶች፣ ፒያኖ፣ ወፍራም ቤዝ። በ1910 እ.ኤ.አ. ቴነሲ ውስጥ ጄምስ ቮን የመዝሙር መጽሐፉን እንዲያስተዋውቁለት ኳርቴት አሰማራ፣ መንገዱም ከዚያ ወዲህ ሰፋ። ድምፁ አንጀት ይበላል፣ ግን የሚያምረው ጥሩ ፒያኖ ያለበት አዳራሽ ውስጥ ነው።

የካውቦይና ዌስተርን ጎስፕል ባንድ ሌላ ነው። ጊታሩን፣ ቫዮሊኑንና ኮንትራባሱን ጭኖ እሁድ ጠዋት ሮዲዮ (የካውቦዮች የግልቢያ ውድድር) ሜዳ ላይ ይዘምራል፤ የቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ረግጦ የማያውቅ ከብት አርቢ እንኳ ኮፍያውን አውልቆ፣ አጥሩን ተደግፎ ያዳምጣል። እኔን የሚገዛኝ ይሄ ነው። ደግሞ ሥሩ ጥልቅ ነው። ዝነኛውን የካውቦይ ዘፈን ቡድን ሳንስ ኦፍ ዘ ፓየኒርስን ከመሠረቱት አንዱ ቲም ስፔንሰር ኋላ ላይ የመንፈሳዊ መዝሙር አሳታሚ ድርጅት አቋቁሟል። የካውቦይ ዘፋኙ ስቱዋርት ሃምብለንም በ1949 ቢሊ ግራሃም ሎስ አንጀለስ ላይ ሲሰብክ ሕይወቱን ለጌታ ሰጥቶ ፊቱን ወደ መዝሙር አዞረ።

አዳራሽና ፒያኖ ካላችሁ ኳርቴቱን ጥሩ። ሕዝቡ ሜዳ ላይ ከሆነ ግን ሳታመነቱ የካውቦዮቹን ባንድ ጋብዙ።