ለተጫረ ዓይን የትኛው የሚያበራ ቀለም?

መንዝ ውስጥ ገብስ ሲወቃ ገለባው ዓይን ይገባል። ሰውየው ሲያሸው ይብስበታል። ጤና ጣቢያ ሲደርስ ዓይኑ ቀልቷል፣ ጭረቱ ግን በተራ መብራት በደንብ አይታይም።

ፍሎረሲን የተባለው የሚያበራ ቀለም ለዚህ በጣም ይመቻል። ጫፏ ብርቱካናማ የሆነች ቁራጭ ወረቀት በንጹህ የጨው ውሃ ትረጥብና የታችኛውን የዓይን ቆብ ውስጡን ትነካለች። ሰውየው ዓይኑን ጨፈን ገለጥ ያደርጋል። ከዚያ ሰማያዊ መብራት ሲበራበት የተላጠው ቦታ ቦግ ብሎ አረንጓዴ ይሆናል። ጤነኛው የዓይን ገጽ ቀለሙን አያስገባም፣ የቆሰለው ያስገባል። ካሜራ አያስፈልግም፤ ውጤቱ እዚያው በዓይን ይታያል።

ሁለተኛው የሚያበራ ቀለም ኢንዶሳያኒን ግሪን ደግሞ በደም ሥር የሚሰጥ ነው። የሞገድ ርዝመቱ 800 ናኖሜትር አካባቢ የሆነ ብርሃን ወስዶ 830 አካባቢ መልሶ ያወጣል። ይህን ብርሃን ዓይናችን ስለማያየው ልዩ ካሜራ ግድ ነው። ደም ግን ብዙም አይውጠውም፤ ስለዚህ ከሬቲና (ብርሃን ከሚቀበለው የዓይን የውስጥ ሽፋን) ጀርባ ያሉትን ደም ሥሮች ያሳያል። አንጀት ቆርጦ ለሚቀጥል ሐኪምም ደም መድረሱን ይነግረዋል።

ደብረ ብርሃን ላይ ስለ ሕያው አካል ምስል መመራመር ለሚፈልግ ተማሪ ሁለተኛውን እመክራለሁ፤ ገና ብዙ የሚሠራበት ነው። ለገጠር ጤና ጣቢያ ግን ያለ ጥርጥር ወረቀቷንና ሰማያዊ ባትሪዋን።

አንድ ነገር አደራ፦ በገለባ የተጫረ ዓይን ፈንገስ ሊይዘው ይችላል። ሳይመረመሩ ስቴሮይድ (መቅላትና እብጠት የሚቀንስ መድኃኒት) ያለበት ጠብታ ገዝቶ ማድረግ ዓይን ሊያጠፋ ይችላል።