ድሬ ላይ ከመንገድ ማዶ መደወል ስንት ነው? የአንድ ወርሃዊ የድምፅ ጥቅል ግምገማ

አቦ፣ ይሄ ጽሑፍ ስልክ የሥራ መሣሪያቸው ለሆነ ሰዎች ነው። ባጃጅ ለምትነዱ፣ ሱቅ ላላችሁ፣ ከሐረር ከጅግጅጋ ዕቃ ለምታስመጡ። እኔ ሳቢያን አካባቢ የባጃጅ መለዋወጫ እሸጣለሁ። ቀኑን ሙሉ ስልክ ከጆሮዬ አይወርድም። ከተወሰነ ጊዜ ወዲህ የምጠቀምበትን ወርሃዊ የድምፅ ጥቅል ልገምግምላችሁ። የኩባንያውን ስም አልጽፍም፤ ነገሩ ከአንድ ኩባንያ ያልፋል፣ ጥቅል የሚሸጥ ሁሉ ቢያነበው ደስ ይለኛል።

መልካሙን ላስቀድም። ጥሪው ቶሎ ይገባል። ድምፁ ጥርት ያለ ነው፣ ማታ ሰው ሁሉ ስልክ ላይ በሚሆንበት ሰዓትም። ወደ ሌላው ኔትወርክ ስደውልም እንደዚያው ነው። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፤ አንዱ ኩባንያ የጀመረውን ጥሪ ሌላው ተቀብሎ ይጨርሰዋል፣ መሃል ላይ ግን መቆራረጥ የለም፣ ማስተጋባት የለም። ዋጋውም በደቂቃ ሲሰላ ያለ ጥቅል ከመደወል በጣም ይረክሳል። ለዚህ ምስጋና ይገባቸዋል።

አሁን ወደ ችግሩ። ጥቅሉን ለመግዛት ኮከብ ብላችሁ ቁጥሩን ትጽፉና በመሰላል ትዘጋላችሁ። ማውጫው ይመጣል፤ ዕለታዊ፣ ሳምንታዊ፣ ወርሃዊ። ወርሃዊውን ስትመርጡ የደቂቃው ብዛትና ዋጋው ይታያል፣ ከሥሩ ለማረጋገጥ 1ን ይጫኑ ይላል። በቃ። ደቂቃዎቹ ወዴት ለመደወል እንደሚያገለግሉ አንድም ቃል የለም። ገዝታችሁ ስትጨርሱ የሚመጣው መልእክትም ያው ነው፤ ውድ ደንበኛችን ብሎ ይጀምራል፣ ደቂቃውንና የሚያበቃበትን ቀን ይነግራል፣ ያልቃል።

ከዚያ ሥራ ይጀመራል። አንድ ደንበኛዬ ባጃጁን የሚያቆመው ከሱቄ መንገድ ማዶ ነው። ያዘዘው ካንዴላ ሲመጣ ደወልኩለት፣ ትንሽ አወራን። ስዘጋ ቀሪ ሂሳቤ ቀንሷል፤ የጥቅሉ ደቂቃ ግን ንክች አላለም። ያኑ ቀን ሐረር ሸዋ በር ላለ ነጋዴ ደወልኩ፣ እሱ ከጥቅሉ ተቆረጠ። መርካቶ ደወልኩ፣ እሱም ከጥቅሉ። አዲስ አበባን ያህል አገር አቋርጦ የሚሄደው ጥሪ ጥቅል ውስጥ ሲሆን፣ በመስኮት የማየው ሰውዬ ግን ካርዴን በላ። ምክንያቱ ሲሙ የሌላው ኩባንያ መሆኑ ነው።

ደንበኞች አገልግሎት ደወልኩ። ያነሳችው ልጅ ጨዋ ነች።

«ጥቅሉ የሚያገለግለው ለኔትወርክ ውስጥ ጥሪ ብቻ ነው» አለችኝ።

«እሺ እህቴ፣ ስገዛ የት ጋ ነው የተጻፈው?»

«ደንብና ሁኔታው ላይ ያገኙታል።»

ደንብና ሁኔታው ያለው ኢንተርኔት ላይ ነው። ከኪዮስክ ካርድ ሞልቶ በተራ ስልክ በኮከብና በመሰላል የሚገዛ ሰው ያንን ከየት አምጥቶ ያነበዋል? እዚህ ሱቄ አጠገብ ሻይ የምትሸጠው ጎረቤቴ ሙሉ ጥቅል እያላት ካርዷ እያለቀ፣ ስልኳ የተበላሸ መስሏት ልታሠራው ወስዳለች። የእኔም ብር አልተመለሰም። ዋናው ቅሬታዬ ይሄ ነው፤ ዋጋው ላይ ሳይሆን ሲሸጥ ባልተነገረው ነገር ላይ።

ለምን እንደዚህ እንደሚሆን ማወቅ ይጠቅማልና ትንሽ ታገሱኝ። ከሲሜ ወደ ሌላ ኩባንያ ሲም ስደውል፣ ጥሪው ሁለቱ ኔትወርኮች ወደተገናኙበት ቦታ ይሄዳል። እዚያ የእኔ ኩባንያ ለሌላው ያስረክበዋል። ሌላው በራሱ ታወር ወስዶ ሰውዬው ጋ ያደርሰዋል፣ ለዚህም ሥራው ከእኔ ኩባንያ በደቂቃ ሂሳብ ክፍያ ይቀበላል። አይሱዙ ያመጣውን ዕቃ ሰፈር ድረስ የሚያደርሰው ባለጋሪ የራሱን እንደሚጠይቀው ማለት ነው። ተቀባዩ አምስት ሳንቲም አይከፍልም፤ ከደዋዩ የተሰበሰበው ብር ነው ለሁለት የሚካፈለው። ሁለቱም ኩባንያዎች እያንዳንዱን ጥሪ ይመዘግባሉ፤ ማን ደወለ፣ ለማን፣ ስንት ሰከንድ ቆየ። በየጊዜው መዝገባቸውን አስተያይተው ይተሳሰባሉ። ይሄ ሁሉ የሚመራው የኢንተርኮኔክሽን ስምምነት በሚባለው ውል ነው። የውሉ ከባድ ቦታ ደግሞ ጥሪዎች የሚመደቡበት አንቀጽ ነው፤ የትኛው እንደ አገር ውስጥ ይቆጠራል፣ የትኛው እንደ ውጭ አገር፣ ለየትኛው ማን ለማን ምን ያህል ይከፍላል።

እኛ አገር ለሞባይል ርቀት አይቆጠርም። ከድሬ ሐረር ብትደውሉም፣ ከድሬ መተማ ብትደውሉም ያው ነው። የሚቆጠረው ጥሪው የሚያበቃው በማን ኔትወርክ ላይ መሆኑ ነው፤ እሱን ደግሞ ከቁጥሩ መጀመሪያ ታውቁታላችሁ፣ 09 የኢትዮ ቴሌኮም፣ 07 የሳፋሪኮም። የድሬ ባጃጆችን ከኋላ እዩ። ብዙዎቹ ላይ ሁለቱም ቁጥር ተጽፏል፣ አንዱ ከሌላው ሥር። ሰዉ ውሉን ሳያነብ ውሉ ያመጣበትን በቀለም ጽፎ እየዞረ ነው።

ድሮ እንደዚህ አልነበረም። ቋሚ ስልክ ላይ ወሳኙ ቦታ ነበር። አሁንም የምሥራቁ ኮድ 025 ነው፣ ድሬዳዋም ሐረርም ጅግጅጋም በእሱ ነው የሚደወልላቸው፣ አዲስ አበባ 011 ነው። ከተማ ውስጥ መደወል አንድ ዋጋ፣ የክፍለ ሀገር ጥሪ ሌላ ዋጋ። እንዲያውም የአገራችን የስልክ ታሪክ የሚጀምረው ከእኛው ሰፈር ነው፤ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በአውሮፓውያኑ 1894 ሥራው የተጀመረው መስመር ሐረርን ከአዲስ አበባ ያገናኘው ነው፣ 477 ኪሎ ሜትር። ከዚያ ወዲህ ለረጅም ዘመን ስልክ ማለት አንድ መሥሪያ ቤት ነበር። አንድ ብቻ ሳለ ማን ለማን ይከፍላል የሚባል ጥያቄ የለም፤ ጥሪው ሁሉ ከራሱ ተነስቶ ራሱ ጋ ነው የሚያበቃው። ሁለተኛው ሲመጣ ነው ጥያቄው የመጣው። መጀመሪያ የመጣው ደግሞ እዚህ ነው፤ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ኔትወርኩን ለሙከራ የከፈተው ነሐሴ 2014 ዓ.ም. ድሬዳዋ ላይ ነበር፣ ከአዲስ አበባ በፊት። ስለዚህ ድሬ በዚህ ጉዳይ ላይ የመናገር መብት አላት ብዬ አምናለሁ።

አሜሪካኖቹ በዚህ ነገር ላይ ለዓመታት ተሟግተዋል። በአውሮፓውያኑ 1996 የወጣው የቴሌኮም ሕጋቸው ኩባንያዎች እርስ በርስ እንዲገናኙ ሲያስገድድ፣ ለአካባቢ ጥሪ አንድ ዓይነት ክፍያ፣ ለርቀት ጥሪ ደግሞ ከእሱ በጣም የሚበልጥ ሌላ ክፍያ ነበር። እንግዲህ አንድ ጥሪ «አካባቢ» ከተባለ አንዱ ይጠቀማል፣ «ርቀት» ከተባለ ሌላው። ለቋሚ ስልክ ወሰኑን የየስቴቱ ተቆጣጣሪ ያሰምር ነበር። ለሞባይል ግን የፌዴራሉ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን አገሪቱን 51 ቦታ የሚከፍል ሜጀር ትሬዲንግ ኤሪያ የሚባል የንግድ ካርታ ወሰደና፣ በአንዱ ክልል ውስጥ ተጀምሮ እዚያው ያለቀ ጥሪ የአካባቢ ነው አለ። አንዳንዱ ክልል ብዙ ስቴቶችን ያቋርጣል። ከዚያ ሌላ ጣጣ መጣ፤ ሞባይል የያዘ ሰው ይንቀሳቀሳል፣ ቁጥሩ የተመዘገበው አንድ ከተማ ነው፣ ሰውዬው ያለው ሌላ ከተማ። ጥሪው ሲጀመር ያገኘው ታወር የት እንዳለ ይታይ ተባለ፤ ያ ካልሆነ በናሙና ተሰልቶ ይህን ያህል በመቶው የአካባቢ ነው ተብሎ በውል ይስማሙ ተባለ። ኢንተርኔት በስልክ መስመር በሚደወልበት ጊዜ ደግሞ፣ አንዳንድ አዳዲስ ኩባንያዎች ሰዓታት የሚቆዩትን የኢንተርኔት ጥሪዎች እየተቀበሉ እንደ አካባቢ ጥሪ ብዙ ገንዘብ ሰበሰቡ፣ እሱም ክርክር ሆነ። በአውሮፓውያኑ 2011 ኮሚሽኑ ቀስ በቀስ ወደ ሌላ ሥርዓት እንዲገቡ ወሰነ፤ ኩባንያዎቹ እርስ በርስ ክፍያ መቀባበሉን ትተው እያንዳንዱ ወጪውን ከራሱ ደንበኛ እንዲሸፍን።

ይሄንን ያመጣሁት ያለምክንያት አይደለም። የትም አገር ጥሪ የሚመደብበት መስመር በሰው የተሰመረ ነው፣ ሊቀየርም ይችላል። ባይቀየር እንኳ ለሚከፍለው ሰው ሊነገር ይችላል።

እዚህ ጋ ስለ ሲም ቦክስም ልጨምር፣ ብዙ ቤት የሚገባ ነገር ነው። እህት ከጂዳ ትደውላለች። ስልኩ ላይ ግን 09 የሚጀምር፣ የማታውቁት ቁጥር ይታያል። ይሄ የሚሆነው መሃል ላይ ሆኖ የውጭውን ጥሪ በኢንተርኔት ተቀብሎ፣ አገር ውስጥ ባሉ ብዙ ሲሞች አሳልፎ እንደ አገር ውስጥ ጥሪ የሚያስገባ ሰው ስላለ ነው። የውጭ ጥሪ የሚከፈልበት በዶላር ነው፣ የአገር ውስጡ ርካሽ ነው፤ ልዩነቷን እሱ ይወስዳል። የቴሌኮም ማጭበርበርን ወንጀል ያደረገ አዋጅ አለ፣ ቁጥር 761/2004። ለእኛ ግን ጉዳቱ ሌላም ነው፤ ድምፁ ይቆራረጣል፣ መልሳችሁ ስትደውሉ እህታችሁን አታገኟትም። ሁለት ዓይነት ዋጋ ባለበት ቦታ ሁሉ እንደዚህ ዓይነት ቀዳዳ ፈላጊ አይጠፋም።

ጅቡቲስ? ለድሬ ሰው ጅቡቲ በባቡር መስመሩ ጎረቤት ናት፣ ከአዲስ አበባ ትቀርባለች፣ ዘመድም ንግድም እዚያ አለ። ጥሪው ግን ዓለም አቀፍ ነው፣ ጥቅሉ አይነካውም። ኬንያ፣ ኡጋንዳ፣ ሩዋንዳና ደቡብ ሱዳን ግን እርስ በርስ የሚደረገውን ጥሪ ዋጋ ለማውረድ አንድ የኔትወርክ አካባቢ ብለው ተስማምተዋል። ከጅቡቲ ጋር እንደዚያ ቢሞከር ድሬ ውስጥ የማይጠቀም ቤት ያለ አይመስለኝም።

ወደ ጥቅሉ ልመለስ። ከአምስት ሦስት ኮከብ ሰጥቼዋለሁ። ሦስቱ ለድምፁ ጥራትና ለዋጋው ነው፤ የተቀነሱት ሁለቱ ሲሸጥ ለተደበቀው። መስተካከሉ ከባድ አይደለም። ማውጫው ላይ ከወርሃዊ ቀጥሎ «ለኔትወርክ ውስጥ ብቻ» ተብሎ ይጻፍ። በአማርኛም በኦሮምኛም በሶማሊኛም፣ ይሄ ከተማ ሦስቱንም ያወራል። ከኔትወርክ ውጪ ስደውል ደግሞ ጥሪው ከመግባቱ በፊት አጭር ድምፅ ያሰሙን፣ ከዋና ሂሳብ ሊቆረጥ መሆኑን እንድናውቅ። ደዋዩ ልቀጥል ካለ ይቀጥላል።

እስከዚያው ግን እንዲህ አድርጉ። ስትገዙ ለሁሉም ኔትወርክ የሚል ጥቅል ካለ እሱን እዩ፣ ደቂቃው ቢያንስም ለነጋዴ ያዋጣል። ባለ ሁለት ሲም ስልክ ካላችሁ በሁለቱም ላይ ትንሽ ትንሽ ጥቅል ያዙ፣ 07ን በ07፣ 09ን በ09 ደውሉ። ብር ከተቆረጠባችሁ ደግሞ ዝም አትበሉ። መጀመሪያ ኩባንያው ጋ አመልክቱ፣ የቅሬታ ቁጥር ተቀበሉ፣ የገዛችሁበትን መልእክት አታጥፉ። መልስ ካጣችሁ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን አለ፤ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው ዘርፉን እንዲቆጣጠርና የደንበኛን መብት እንዲጠብቅ ነው። እኔም ቅሬታዬን እያዘጋጀሁ ነው፣ የማውጫውን ፎቶ አያይዤ።

ሐረርና ጅግጅጋ ያላችሁ፣ የእናንተ ማውጫ ላይ የተለየ ነገር ተጽፎ ከሆነ ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ፣ ከማመልከቻው ጋር አብሬ አስገባዋለሁ።